ድንጋዩን ከማቆም በፊት

የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጌዴኦ ዞን፣ በሳካሮ ሶዶ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት የአካባቢውን ትክል ድንጋዮች ዕድሜ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በ1,000 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ወስዶ 1ኛው ክፍለ ዘመን አድርሶታል። ይህን የነገረን ግን ድንጋዩ አይደለም። የራዲዮካርቦን ልኬት ድንጋይ መቼ እንደተጠረበ አያውቅም፤ የሚለካው እንደ ከሰል ባለ፣ በአንድ ወቅት ሕይወት በነበረው ነገር ውስጥ የቀረውን ካርቦን 14 ነው። ስለዚህ ዋናው ማስረጃ በድንጋዩ ሥር ያለው አፈር ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚህ በኋላ የወደቁትን አቁሞ ለጎብኚ ማሳየት መልካም ሐሳብ ይመስላል። እኔ ግን፣ ቢያንስ ለጊዜው፣ አልስማማም። አፈሩ ሳይጠና የቆመ ድንጋይ ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ዕድሜውን ለማወቅ ግን ሌላ ዕድል ላይገኝ ይችላል።

ደግሞም ድንጋዮቹ ያሉት እንሰትና ቡና በሚለማበት ምድር ነው። ገበሬው ጉድጓድ ሲቆፍር ከሰል ቢያገኝ ማንን ይጥራ? መልሱ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ መምጣት ይኖርበታል፤ ናሙናው ለልኬት ባሕር ቢሻገር እንኳ ምዝገባው እዚሁ ሊሠራ ይችላል። አንድ ሜትር አፈር ንብርብሩን ለይቶ መመዝገብ ለአንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።