ከአያ ጅቦ ጋር አንድ ቀበሌ

ሀዲያ ውስጥ፣ ጎምቦራ ወረዳ፣ ሀቢቾ ላይ ከመሸ በኋላ ጅብ መንገድ ላይ ማየት ወሬ አይሆንም። ወሬ የሚሆነው በማግስቱ የማን በረት እንደተሰበረ ነው። ጅቡ ከመንደር ይውጣ ወይስ ይኑር በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተሟግተዋል። አንደኛው ሀቢቾ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ድሮ እሳቸው ያስተማሯት፣ አሁን ሆሳዕና የምትሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት።

መምህሩ፤ ከሀቢቾ

ልጄ፣ የአህያዬ ውርንጭላ የተበላችው ለዓርብ አጥቢያ ነው። ድምፅ አልሰማሁም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት አልሰሙም?» ስለሚለኝ ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። የጎረቤት ውሻም የጮኸው ከነጋ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት መስሎኝ ነበር። ጠዋት ወጥቼ ያየሁት ይህን ነው፦ ከበረቱ በር ሥር አንድ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ፣ ጭቃው ላይ የተጎተተ ነገር ፈለግ፣ ፈለጉን ይዤ እንሰቱ ውስጥ ስገባ ደግሞ አንድ ሰኮና። ሌላ ነገር አልተረፈም። እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። ስነካት ተንቀጠቀጠች። ሦስት ቀን ጀሪካን አልጫንኩባትም፤ ውኃውን እኔው ተሸከምኩ።

ወደ ሙግቱ ልግባ። ጅብ ከምድር ይጥፋ አላልኩም። ወደ ግቤ የሚወርደው ቆላ አለለት፣ ገደሉ አለለት። እኔ የምለው መንደር የለመዱትን፣ ከሰው አጥር ጥግ የሚውሉትን፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሰጥቶና የሚያውቅ ተኳሽ ልኮ ያስወግድልን ነው። ሕጉን እኔ ልጥስ አላሰብኩም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው መንግሥትን የምጠይቀው። ጅቡ የመንግሥት ሀብት ከሆነ ባለቤት አለው ማለት ነው። የእኔ ላም ገብታ የሰው ገብስ ብትበላ ሽማግሌ ተቀምጦ ያስከፍለኛል። የመንግሥት ጅብ ውርንጭላዬን ሲበላ ማን ነው የሚቀመጥልኝ?

ስለ ቤታችን ላስታውስሽ፤ አንቺም ያደግሽበት ነው። የአባቶቻችን ሣር ቤት ግማሹ የሰው፣ ግማሹ የከብት ነበር። ሲመሽ ላሟ፣ ጥጃዋ፣ አህያዋ ተራ በተራ ይገባሉ፤ በሩ በመወርወሪያ ይዘጋል። የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል፤ እበቱ ጠዋት ተዝቆ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። ጅብ ቢመጣ ዞሮ ዞሮ፣ በር አሽትቶ ይሄዳል። ውጭው የእሱ፣ ውስጡ የእኛ ነበር። ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን መጣ። ሴቶቹ ልጆች ደብተር ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ «ከብት ከሰው ይለይ» አሉን። ትክክል ነበሩ። የሕፃናቱን ዓይን፣ ቁንጫውን፣ ሳሉን አይቼዋለሁ፤ እኔም ክፍል ውስጥ ያንኑ አስተምሬያለሁ። ለየን። ግን ከብቱን አውጥተን የት አደረግነው? አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ በላዩ አሮጌ ቆርቆሮ። ለሰው ጤና ብለን የሠራነው በረት ለጅብ የቀረበ ሌማት ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያለው ሰው ብሎኬት ቤት ሠርቷል፤ በዙሪያው ግንብ አቁሟል፤ የብረት በር ገጥሟል። እሱ ቤት የጅብ ጩኸት ዘፈን ነው። ልጆቹ ለእረፍት ሲመጡ ስልክ አውጥተው ይቀርጹታል። አጥሩ እንሰት የሆነ ሰው ግን ያንን ድምፅ ሲሰማ ከብቱን ነው የሚቆጥረው። «ከጅብ ጋር ተቻችለን እንኑር» የሚለውን ቃል እስካሁን የሰማሁት ግንብ ካለው ሰው ብቻ ነው።

ሐረርን ደግሞ አታንሺብኝ። ሐረር ጅብ ከሰው እጅ ይጎርሳል፣ ፈረንጅ ከፍሎ ያያል፣ ግንቡም የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው። እሰየው። እነሱ የሚያጎርሱት ከሥጋ ሻጭ የተረፈ ቁራጭ ነው፤ እኔ ያጎረስኩት ውርንጭላ ነው።

ባለሙያዋ፤ ከሆሳዕና

ጋሼ፣ እግዜር ይተካልዎ። የበረቱን ነገር በጻፉበት ቦታ ሁለት ጊዜ ቆሜ አነበብኩት። እኔም ገጠር ስወጣ «በረት ለይታችሁ ሥሩ» እላለሁ፤ ስለ በሩ ሥር ግን አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። ይህን ጥፋት ተቀብያለሁ።

ጅቡን መንደር የጠራው ግን በረቱ አይደለም። በመስቀል ማግስት እዚህ ሆሳዕና አንድ የወንዝ ዳር ይዤ ስሄድ ያየሁትን ልንገርዎ። የሦስት ወይም የአራት ቱታ (የቅርጫ ቡድን) በሬ ፈርስ ተደፍቷል፤ ቀንድ ከነጭንቅላቱ፣ ሸሆና፣ ዝንብ የለበሰ አንጀት። ትንሽ ወረድ ብሎ እንደ ኖራ የነጣ የጅብ ኩስ፤ የሚነጣው ከፈጨው አጥንት ነው። እና አንድ እግር ኳስ የያዘ ልጅ በዚያ መካከል ይዘላል። ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቦ በሬ ይገዛል፣ ቅርጫው በደስታ ይከፋፈላል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ የበዓሉ ምግብ አታካናው ይሠራል፤ የሚተርፈው ግን የማንም አይደለም። በዚያ ላይ ከተማው አድጓል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ስንት ምግብ ቤት፣ ስንት ሥጋ ቤት እንደተከፈተ እርስዎም ያያሉ። በተረቱ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። እኛ አውቀነው፣ ስሙን ጠርተን፣ ቁርበቱን ከነሥጋው አነጠፍንለት።

አሁን ይህን ጅብ ቢያስመቱት ፈርሱን ማን ያነሳዋል? መቀሌ ላይ ተጠንቷል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በከተማዋ ዙሪያ ያሉ 210 የሚሆኑ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳ በድንና ትርፍራፊ ይበላሉ። አጥኚዎቹ እንዳሰሉት በዚህ የተነሳ በየዓመቱ 5 ሰዎችና 140 የቤት እንስሳት ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ይተርፋሉ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስልዎ ይችላል። አባ ሰንጋ የገደለው በሬ ሥጋ ለሰፈር ሲከፋፈል ደርሼ ስለማውቅ ለእኔ ትንሽ አይደለም።

ጽዳት ሠራተኛውን ያጣ አገር ምን እንደሚሆን ደግሞ ህንድ አሳይታናለች። ለከብት ሕመም ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት አለ። እዚያ መድኃኒቱ የተሰጣት ላም ስትሞት ጥንብ አንሳ ይበላታል፤ ኩላሊቱ ይቆምና ይሞታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በእነሱ አቆጣጠር ከመቶው ከዘጠና በላይ ጥንብ አንሳ አለቀ። በድኑ ግን አላለቀም፤ ለውሻ ተረፈ። ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም ተከተለ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የታገደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ያኔ አሞራው አልቆ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ባለቤት የሌለው ውሻ አሁንም ስንት እንደሆነ ሌሊት አምቡላንስ የሚነዳ ሰው ይጠይቁ።

ተኳሽ ይላክ ብለዋል። ተኳሽ በጀት ይፈልጋል፣ ይዘገያል። በመሀል አንድ የተናደደ ሰው ሥጋ ላይ መርዝ ይረጫል፤ የምፈራው ይህን ነው። መርዙ ጅቡን ከውሻው፣ ውሻውን ከአሞራው አይለይም፤ ሕፃንንም አይለይም። ጅቡ ቢሞት እንኳ ቦታው ባዶ አያድርም። ምግቡ እዚያው ካለ ሌላው ይመጣል። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት እየወለደች ትተካለች።

አንድ ነገር ከሙግቱ ውጭ ልበል። ጅብን እየጠላን የኖርነው ጅብን ብቻ አይደለም። ሸክላ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው «ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያልን ከማዕዳችን አርቀናል። እርስዎ ክፍል ውስጥ ይህን ያስቆሙ መምህር ስለነበሩ ነው የማነሳው፤ ዛሬም ውርንጭላ በተበላ ማግስት ዓይን ወደ የትኛው ቤት እንደሚዞር ያውቁታል።

ቶሮንቶ ያለች አክስቴ ደግሞ የእነሱን ጅብ ታወራልኛለች። ራኩን ይሉታል፤ ድመት የሚበልጥ፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል፣ እንደ ሰው በጣቱ የሚከፍት ሌባ ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2016 ራኩን የማይከፍተው ቁልፍ ያለው የምግብ ትርፍራፊ ቅርጫት ለየቤቱ ማደል ጀመረ። አንዳንዶቹ ከፈቱት። አክስቴ እየሳቀች ነው የምትነግረኝ፤ ሀብታም አገርም ከቅርጫት ጋር ይታገላል እንጂ ሰፈር ውስጥ ጠመንጃ አይተኩስም።

መምህሩ

ጥናት ካነሳሽ እኔም አነባለሁ፤ ጡረታ ሌላ ባይሰጥ ጊዜ ይሰጣል። አንቺ የመቀሌውን ጠቀስሽ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የሰሜኑን ጥናት ግን ዘለልሽው። አጥኚዎቹ የጅብ ኩስ ለቅመው ውስጡ የማን ፀጉር እንዳለ አዩ። ከሁዳዴ በፊት የአህያ ፀጉር 14.8 በመቶ ነበር። ጾሙ ገብቶ ሥጋ ቤት ሲዘጋና ትርፍራፊ ሲጠፋ 33.1 በመቶ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ሰው ጾመ፣ ጅቡ አልጾመም፤ ወደ አህያው ዞረ እንጂ።

እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ፕሮቴስታንት ነው፤ ሁዳዴ ሥጋ ቤት አያዘጋም። ነገር ግን አንቺ የምትዪው ጽዳት ሌላ ሁዳዴ ነው። ፈርሱን ቅበሩ፣ አጥንቱን አቃጥሉ፣ ወንዙን አጽዱ ትያለሽ። መልካም። በዚያን ዕለት ማታ የለመደው ጅብ ሆሳዕና ወንዝ ዳር ሄዶ ባዶ ሲያገኝ የት ይሄዳል? ግንብ ወዳለው ቤት ነው? ቀርከሃ ወዳለው ነው። ከተማው ይጸዳል፣ ሂሳቡን ገጠር ይከፍላል። መቀሌ ላይ ተረፉ ካልሻቸው 140 እንስሳት ጎን የድሃ አህያ ስንት ተበላ የሚል ዓምድ አለው ወይ ያ ጥናት?

መርዙን በተመለከተ እስማማለሁ፤ እርግማን ነው። ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ያልሽውም ልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ያ ዓይን ሲዞር አይቼው «እኔ ፈለጉን ተከትያለሁ፣ አራት እግር ነው» ብዬ መልሼዋለሁ። ተኳሹን ግን አልተውኩም። ልጆች ሳይነጋ ውኃ ይቀዳሉ። ጅብም በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘ ይለክፋል፤ ይህን አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ባለሙያዋ

አውቀዋለሁ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ፣ ያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይሂድ፤ ጸበልም ጸሎትም ከዚያ በኋላ። አበደ ተብሎ የተረጋገጠ ጅብ ይገደል፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

የአህያው ቁጥር ግን መታኝ። ዘልዬው አይደለም፤ ከዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። ስለዚህ ቅደም ተከተሌን ልቀይር። መጀመሪያ በረት፣ ቀጥሎ ፈርስ። የእርስዎ ዓይነት በረት ሳይጠገን ወንዙን እናጽዳ አልልም። ሥራውም ከባድ አይደለም፤ ጅብ የገባው በግድግዳው ሳይሆን በሥሩ ነው። በሩ ሥርና ዙሪያውን አንድ ክንድ ቆፍሮ ድንጋይ መደርደር፣ ቀርከሃውን በሌላ ድርብ ማጠር፣ መወርወሪያውን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከላይም ከታችም ማድረግ። ድንጋይ ጎምቦራ አልጠፋም፤ የጠፋው «ከብት ለዩ» ካልን በኋላ ተመልሶ የሄደ ሰው ነው። ቅዳሜ መጥቼ ከእርስዎ እጀምራለሁ። መቆፈሪያውን እርስዎ ያዘጋጁ።

ተኳሹ ላይ ግን አልተስማማሁም፤ ጋሼ ብዬዎት እንኳ አልስማማም።

መምህሩ

መቆፈሪያ አለ። እኔም አልተስማማሁም፤ ድንጋዩን እየደረደርን እንጨርሰዋለን። እስከ ቅዳሜ ግን እናቲቱን እንደ ድሮው ቤት አስገብቼ ነው የማድረው፤ ትናንትም ከምድጃው ማዶ ቆማ አደረች፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታኝክ ሰማኋት፣ እኔም ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ካንቺ ቀድማ ብትመጣ፣ ከኀዘን ቤት የመጣች እንግዳ ናት እላታለሁ።