ማህተሙ ከላይ፣ አማናው ከውስጥ



በዚህ እትም በሥራና ኑሮ ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከደብረ ታቦር የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ወጣት ነው። እናቱና እህቶቹ ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ ያዘጋጃሉ፤ እርሱ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር እያወረደ ለባለሱቆች ያስረክባል። በቅርቡ አንድ ባለሱቅ፣ «ዕቃህ ጥሩ ነው፤ ግን ስም የለውም። የታወቀውን ፋብሪካ ቀለምና ስም አስመስለህ አሳትምና አምጣ፤ ያን ጊዜ መደርደሪያ ላይ አያድርም» ሲል መከረው። ማተሚያ ቤቱም ናሙናውን ሠርቶ አሳየው። የቀለሙ ቅይጥ አንድ ነው፤ ስሙም አንድ ነው፤ የተለወጠችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ እሳቱ «ሰ» በንጉሡ «ሠ» ተተክታለች። ለኅትመቱ የሚከፈለው ደግሞ የእናቱ የዕቁብ ብር ነው። «ፊደሏን ለውጫለሁ፤ ዕቃዬም ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ይህ ማታለል ይባላል ወይ?» ብሎ ይጠይቀናል።

ወንድማችን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መጠየቁ መልካም አድርጓል። መልሱን ግን ከራሳችን አናመጣም።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለነገሥታት ደብዳቤ ለመጻፍ ባሰቡ ጊዜ፣ ነገሥታቱ ማህተም የሌለበትን ጽሑፍ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። እርሳቸውም የብር ቀለበት አሠሩ። በላዩም ሦስት ቃላት በሦስት መስመር ተቀረጹ፤ «ሙሐመድ»፣ «ረሱል»፣ «አላህ» የሚሉት። ከዚያም ሌላ ማንም ሰው በቀለበቱ ላይ ይህንኑ ጽሑፍ እንዳይቀርጽ ከለከሉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ቀለበቱም ከእርሳቸው በኋላ ወደ አቡበክር፣ ወደ ዑመር፣ ከዚያም ወደ ዑስማን (ረ.ዐ.) ተላለፈ፤ በዑስማን ዘመን አሪስ ከሚባለው የውኃ ጉድጓድ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ያው አንዱ ማህተም ሲያገለግል ኖረ።

እንግዲህ እናስተውል። ማህተሙ ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩበት። አልተለዋወጠም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ባለቤት ነበር። ሰው ማህተሙን አይቶ የላከውን ያውቃል፤ ማህተሙ ከተመሳሰለ ግን እምነት የሚጣልበት ነገር ይጠፋል።

ይህን የእኛም ሀገር ሰዎች ከጥንት ያውቁታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በይፋግ ገበያ ይገበያዩ የነበሩ፣ ከጎጃም እስከ ምጽዋ ሲራራ ይነግዱ የነበሩ ሙስሊም አባቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበሉ ዝም ብለው ወደ ኮሮጆ አይጨምሩትም ነበር። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አጥርተው ያያሉ፤ ከደበዘዘ ወይም ከጎደለ አንቀበልም ይላሉ። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በታተመ ቁጥር ያው 1780 የሚለውን ዓመተ ምሕረት ይዞ ወጣ። ሰው ያመነውን መልክ መቀየር ገበያውን መዝጋት ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። «ሰ» እና «ሠ» ለዓይን ሁለት ናቸው፤ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። ልጅ ተልኮ «እገሌ የሚባለውን በርበሬ ስጡኝ» ሲል ባለሱቁ የትኛውን ያነሣለታል? ማንበብ የማይችሉ እናትስ? እርሳቸው የሚያውቁት ቀለሙን ነው። እንግዲያው ፊደሏ የተለወጠችው ገዢው እንዲለይ ሳይሆን ተከሳሹ እንዲያመልጥ ነው። ኒያው ይህ ከሆነ፣ ወንድማችን ሆይ፣ ዕቃህ ንጹሕ ቢሆንም መግቢያው ንጹሕ አይደለም።

የሀገሪቱም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበን ምልክት ሕዝብን በሚያሳስት አኳኋን መጠቀምን ይከለክላል። አንድ ነገር ግን ብዙ ነጋዴዎቻችን ያምታታሉ። በንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረው የንግድ ስም ሌላ ነው፤ በዕቃው ላይ የሚታተመው የንግድ ምልክት ሌላ ነው። ምልክቱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ሀገራችን ራሷ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በውጭ ሀገር ለማስመዝገብ ብዙ ተከራክራ፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስም ሀብት ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር።

ታዲያ ባለትንሽ ካፒታሉ ምን ያድርግ? የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ. ስሙ አጭርና የራስ ይሁን። የእናት ስም፣ የሰፈር መጠሪያ፣ የቤተሰብ ቅጽል ያገለግላል። ስሙ እውነት መናገሩንም እንመርምር። ጉና ተራራ ያማረ ስም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ብርድ በርበሬ አይበቅልም። «የጉና በርበሬ» ብሎ መጻፍ ስም ማውጣት ሳይሆን ያልሆነውን ሆነ ማለት ነው።

2ኛ. ምልክቱን መጀመሪያ በጥቁር እርሳስ በነጭ ወረቀት ላይ እንሥራው። ያለ ቀለም ካላማረ በቀለም አያምርም። ከዚያ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈን 10 እርምጃ እንራቅ፤ ስሙ ካልተነበበ ፊደሉ ቀጥኗል ወይም ጌጡ በዝቷል። የፊደሎቻችን መለያ እግራቸውና ቅጥላቸው ነው፤ «በ» እና «ቡ»፣ «ለ» እና «ሉ» እንዲለዩ በቂ ክፍተት እንተው።

3ኛ. ቀለም እናሳንስ። በኦፍሴት ማተሚያ እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ፕሌት ይፈልጋል፤ ቀለም በበዛ ቁጥር ወጪው ይበዛል። አንድ ወይም ሁለት ቀለም ይበቃል። ያንኑ ቀለም በታፔላው፣ በከረጢቱና በደረሰኙ ላይ ሳንለዋውጥ እንጠቀም።

4ኛ. ለጀማሪ የጎማ ማህተምና ካኪ ከረጢት በቂ ነው። የዕቁብ ብር ሁሉ ወደ ማተሚያ ቤት መሄድ የለበትም። ደንበኛ ሲበዛ ኅትመቱ ይደርሳል፣ ኢንሻ አላህ።

5ኛ. የአላህን ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ በሚጣል መጠቅለያ ላይ አናሳትም። ከረጢቱ ነገ መንገድ ላይ ይረገጣል፤ ከቆሻሻም ጋር ይጣላል። ቢስሚላህ በምላሳችን ሆኖ ሥራችንን እንጀምርበት።

6ኛ. ክብደቱን፣ የተዘጋጀበትን ቀን፣ በውስጡ ያለውን ነገርና የአዘጋጁን አድራሻ በግልጽ እንጻፍ። 1 ኪሎ ተብሎ ከተጻፈ 1 ኪሎ ይሁን። ሰፍረው የሚያጎድሉትን የሚያስጠነቅቅ አንድ ሙሉ ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ መውረዱን አንርሳ።

በመጨረሻው ነጥብ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ ከቀለምና ከፊደል ይበልጣልና። በአካባቢያችን ጓያ በርካሽ ይገኛል። «የሽምብራ ሽሮ» ብሎ ጽፎ ከውስጡ ጓያ የሚቀላቅል ሰው አለ። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ የታወቀ ነው፤ በደንቢያና በፎገራ ሐኪሞች ይህን በሽታ አጥንተውታል። ስለዚህ መጠቅለያ ላይ የሚጻፍ አንድ ቃል የሰውን ጤና ይነካል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥሩ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህን ሐዲስ ሙስሊም ዘግበውታል። የዛሬው መጠቅለያ የዚያ ክምር የላይኛው ክፍል ነው። ገዢው እጁን ሰዶ ሊያየው አይችልም፤ የሚያምነው የተጻፈውን ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ገዢው ማየት ያልቻለውን በእውነት ይንገረው።

ወንድማችን ሆይ፣ ናሙናውን ለማተሚያ ቤቱ መልስለት። የድካሙን ዋጋ ከጠየቀህ ክፈለው፤ ሐቁ ነው። ከዚያ እናትህን አማክር፤ በርበሬውን የቀመሙት እርሳቸው ናቸውና ስሙንም እርሳቸው ያውጡት። አዲሱ ስም በመጀመሪያው ወር ላይሸጥ ይችላል። ባለሱቁም ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ነገር ግን አንዲት ደንበኛ ቀምሳ ተመልሳ ስትመጣ የምትጠራው ያንተን ቤት ስም ይሆናል እንጂ የሌላ ሰው አይሆንም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ጥቂቱንም በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን።