«እስቲ ልየው» ስንት ያስከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ2006ቱ የጀርመን ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ጀርመንና አርጀንቲና በርሊን ላይ 1ለ1 ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲያመሩ፣ የንስ ሌህማን ካልሲው ውስጥ የሸጎጣትን ብጣሽ ወረቀት የማያስታውስ የኳስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙ አንድሪያስ ኮፕከ የአርጀንቲና መቺዎች ወዴት መምታት እንደሚወዱ የጻፈባት ወረቀት ናት። ኤስቴባን ካምቢያሶ ሊመታ ሲመጣ ሌህማን ወረቀቷን አውጥቶ ረጋ ብሎ አነበባት። ካምቢያሶ ግን ወረቀቷ ላይ አልነበረም! ጀርመናዊው ያነበበው ምንም ነገር የለም። ኳሷን አዳናት፤ ጀርመንም 4ለ2 አሸንፋ አለፈች።

ይህችን ጨዋታ የፖከር ሰዎች ብለፍ ይሏታል፤ እጅ ላይ የሌለውን እንዳለ አስመስሎ ተቃራኒን ማስጨነቅ። ቅዳሜ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ጓደኛ ቤት ጠረጴዛ ከብቦ፣ አነስተኛ ብር አስይዞ ፖከር የሚጫወት ሰውም በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ የካምቢያሶ ቦታ ላይ ይቆማል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ጓደኛው ብሩን ወደ መሐል ገፍቷል። እውነት ይዟል ወይስ ባዶ ወረቀት እያነበበ ነው? መክፈል ይሻላል ወይስ ካርታውን መጣል?

አብዛኛው ሰው የሚፈራው መታለልን ነው። የቤት ፖከር ተጫዋች ግን በብዛት የሚከስረው ተታልሎ አይደለም፤ እውነቱ ተነግሮት አላምንም ብሎ ነው። ሲጨመርበት «ይሄ ሰውዬ የለውም» ይላል። «እስቲ ልየው» ብሎ ይከፍላል። ያያል። ነበረው! ይህቺ «እስቲ ልየው» በአንድ ምሽት አምስት ስድስት ጊዜ ስትደጋገም የታክሲውን አይደለም የሳምንቱን ምሳ ይዛ ትሄዳለች።

ችግሩ የሚጀምረው ከፊት ንባብ ነው። ፊልሞች ያስተማሩት ዓይን ዓይኑን አይቶ ውሸቱን ማወቅ ይቻላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክል ስሌፒያን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ተማሪዎች የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ተጫዋቾችን በቪዲዮ እያዩ ማን ጥሩ ካርታ እንደያዘ እንዲገምቱ ተደረገ። ፊት ብቻ ያዩት ግምታቸው ከዕድል የተሻለ አልነበረም። ብሩን ሲገፉ የክንዳቸውን እንቅስቃሴ ብቻ ያዩት ግን የተሻለ ገመቱ። ፊቱን የሚቆጣጠር ሰው እጁን ይረሳል ማለት ነው። አሜሪካዊው ማይክ ካሮም እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው መጽሐፉ ያለው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ደካማ ካርታ የያዘ ጠንካራ መስሎ ይታያል፣ ጠንካራ የያዘ ደግሞ ደካማ መስሎ ይቀመጣል። ብር ሲያስቀምጥ እጁ የተንቀጠቀጠን ሰው ፈርቷል ብሎ የሚከፍል ሞልቷል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ሰው የተንቀጠቀጠው ደስታውን መያዝ አቅቶት ነው።

ለቤት ተጫዋች ደግሞ ከፊትም ከእጅም የተሻለ መረጃ አለው፤ ጓደኛውን ለዓመታት ያውቀዋል። ሁልጊዜ ካርታውን እየጣለ ስለ አርሰናል ተከላካይ መስመር የሚያወራው ልጅ አለ አይደል? ልክ እንደ ድሮዎቹ የጣሊያን ቡድኖች ቤቱን ዘግቶ የሚጫወት ነው። ይህ ልጅ ድንገት ወሬውን አቋርጦ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ «መሐል ስንት ነው ያለው?» ብሎ ሲጨምር ከግማሽ ሜዳው ወጥቷል። ቤቱን የዘጋ ቡድን በሰባት ሰው ካጠቃ ጎሉ ታይቶታል ማለት ነው። ሁለት ጥንድ ይዞም ቢሆን ካርታውን የሚጥል ሰው እዚህ ላይ አይወቀስም።

በየዙሩ የሚጨምረው ጯሂ ደግሞ ሌላ ነው። ለእሱ ሁልጊዜ የሚጥል ሰው በፈቃዱ እየተዘረፈ ነው። መካከለኛ ካርታ ይዞም አንዳንዴ መክፈል ግድ ይላል። ምንም ቢሆን የማይጥለው ሦስተኛው ጓደኛ ላይ ብለፍ መሞከር ግን ለማያነብ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ነው። ካምቢያሶ የተጨነቀው እኮ ስለሚያስብ ነው።

ከሰውየው ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል። እንበል፣ በቴክሳስ ሆልደም መሐል ላይ 100 ብር አለ፤ ተቃራኒው 50 ጨመረ። 50 ከፍሎ 150 ለማግኘት የሚሞክር ሰው ቢያንስ ከአራት አንድ ጊዜ ማሸነፍ አለበት። እጁ ላይ ከአንድ ዘር አራት ካርታ ይዞ አምስተኛውንና የመጨረሻውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ካላያቸው 46 ካርታዎች የሚያድኑት ዘጠኝ ናቸው። ከአምስት አንድ መሆኑ ነው። ዋጋው ተወዷል፤ ይጣል! ተቃራኒው የጨመረው 20 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ከሰባት አንድ ስለሚበቃው መክፈሉ ያዋጣ ነበር። ካርታው ከመጣ በኋላ ተቃራኒው ሌላ ብር የሚጨምርለት ዓይነት ከሆነ ሒሳቡ ትንሽ ይላላል፤ ያም ቢሆን «ዛሬ ይመጣልኛል» የሚል ሒሳብ የለም።

«ታዲያ ፋርሃስ?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ፖከር ሻምፒዮና 839 ሰው ጀምሮ ሁለት ቀሩ፤ ልምድ ያለው ሳሚ ፋርሃና በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ የመጣው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር። ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ስምንትና ሦስት ተዘርግቷል። ፋርሃ በኩዊንና ዘጠኝ የዘጠኝ ጥንድ አለው። መኒሜከር ኪንግና ሰባት ይዞ የጠበቀው ሁሉ ቀርቶበታል፤ ምንም የለውም። ያለውን በሙሉ ገፋ። ፋርሃ አሰበ፣ አሰበ፤ የአንድ ዘር ካርታ ስትጠብቅ ቀርቶብህ መሆን አለበት የሚል ነገር ጣል አደረገ። በትክክል አንብቦታል! ከዚያ ካርታውን ጣለ። መኒሜከር ዋንጫውንና 2.5 ሚሊዮን ዶላሩን ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት የተወዳዳሪው ቁጥር 2,576 ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ሁሉም መኒሜከር መሆን ይፈልጋል፤ ፋርሃ መሆን የሚፈልግ ግን የለም። ፍርዱ ሚዛን የጎደለው ነው። ያ ጠረጴዛ ሁለት ሰው ብቻ የቀረበት የዋንጫ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰው ሲጫወት ደካማ ካርታም ዋጋ አለው፤ ሁልጊዜ የሚጥልም ያልቃል። ቅዳሜ ማታ ሰባት ሰው በተቀመጠበት ቤት ግን ከስድስቱ አንዱ እውነተኛ ካርታ የመያዙ ዕድል ሰፊ ነው። ደግሞ ፋርሃን የጎዳው ካርታ መጣል ራሱ አይደለም፤ በአፉ የተናገረውን አለማመኑ ነው። የቤቱ ተጫዋች በሽታ የዚህ ግልባጭ ነው፤ «አለው» እያለ፣ እያወቀ፣ ይከፍላል። ለምን? በጓደኞቹ ፊት «ፈራህ እንዴ?» እንዳይባል!

ይህቺ «ፈራህ እንዴ» ናት በቤት ጨዋታ ከማንም ብለፍ በላይ ገንዘብ የምትሰበስበው። ጄራርድ ፒኬና አርቱሮ ቪዳል ገና የባርሴሎና ተጫዋቾች ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እዚያው ባርሴሎና ላይ መግቢያው 25 ሺህ ዩሮ በሆነ ውድድር 2ኛና 5ኛ ወጥተዋል። እዚያ ደረጃ የሚደርስ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በብዛት የሚሠራው ሥራ ካርታ መጣል ነው፤ ቴሌቪዥን ግን የሚያሳየው የከፈለበትን ብቻ ነው።

ካርታውን የጣለ ሰው ደግሞ «ምን ነበረህ?» ብሎ መለመን የለበትም። አሸናፊው የማሳየት ግዴታ የለበትም፤ ቢያሳይም የሚያሳየው ለቀጣዩ ዙር የሚጠቅመውን ነው። ሻይ ለመቅዳት መነሳቱም አያዋጣም። የራሱ ብር መሐል ላይ ስለሌለ ልቡ አይመታም፤ የቀሩት ሁለቱ ሲፋለሙ ማን ስንት ጨመረ፣ እንዴት ገፋ፣ በመጨረሻ ምን ይዞ ተገኘ የሚለውን ረጋ ብሎ ማየት የሚችለው ያኔ ነው።