ቀጭኑ አየርና የሚግለው ኮምፒውተር

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ኮምፒውተራቸው በጌም መካከል ድርግም ብሎ የሚጠፋባቸው ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክንያት አንድ ነው፤ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላሉ። ፎርጅድ ዕቃ በገበያችን መኖሩን አንክድም። ይሁንና በእኛ አስተያየት ከዚህ ፍርድ በፊት ሊመረመር የሚገባው ሌላ ተጠርጣሪ አለ፤ እርሱም አየሩ ነው።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆኑን አንባቢያችን ከፊዚክስ ትምህርቱ ሊገምት ይችላል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 80 በመቶ ዝቅ ስለሚል ነው። ይኸው የግፊት መቀነስ በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የሚያሰላ ግን እምብዛም አይገኝም። ፋኑ በሴኮንድ የሚገፋው የአየር ይዘት በየትኛውም ከፍታ ያው ነው ማለት ይቻላል። ምን ያህል ሙቀት ተሸክሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ግን የአየሩ ይዘት ሳይሆን መጠነ ቁሱ ነው። በ22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ በባሕር ወለል 1.2 ኪሎ ግራም ሲሆን በፍኖተ ሰላም 0.95 ገደማ ነው። 200 ዋት ሙቀት በሚያመነጭ ኮምፒውተር ውስጥ በሴኮንድ 24 ሊትር አየር ቢያልፍ፣ የሚወጣው አየር በባሕር ወለል ከክፍሉ በ7 ዲግሪ፣ በፍኖተ ሰላም ግን ወደ 9 በሚጠጋ ዲግሪ ይሞቃል። ከሂት ሲንኩ ክንፎች ወደ አየሩ የሚደረገው የሙቀት ሽግግርም አብሮ ይዳከማል። «አሽሬ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለመረጃ ማዕከላት ባወጣው መመሪያ፣ ለተለመዱት የማሽን ምድቦች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለትና ሦስት ዲግሪ ጤነኛ ኮምፒውተርን አይገድልም። ኦቨርክሎክ የተደረገውን፣ ማለትም አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ የተገደደውን ግን ከአፋፍ ላይ ሊገፋው ይችላል። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ሁለቱን በ10 በመቶ ብቻ ከፍ ያደረገ ወጣት ሙቀቱን በ33 በመቶ ጨምሯል። ሙቀቱ ሲያይል በትራንዚስተሮቹ ሾልኮ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ እርሱም በተራው ሌላ ሙቀት ይወልዳል። ስለዚህ ለንደን ላይ የሠራ የፍጥነት ቁጥር ፍኖተ ሰላም ላይ እንዲሠራ ምንም ግዴታ የለበትም።

ምርመራው የሚጀመረው ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ይዞታ በመመለስ ነው። ችግሩ ከቆመ ኦቨርክሎኩ ዋነኛ ተጠርጣሪ ነው። ካልቆመ የሚጠፋበትን ሰዓት እናስተውል። ከሃያ ደቂቃ ጌም በኋላ ጠፍቶ፣ ወዲያው ሲከፈት ደግሞ በአምስት ደቂቃ የሚጠፋ ከሆነ ጉዳዩ ሙቀት ነው። የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሣና አምፖሉ ሲደበዝዝ የሚጠፋ ከሆነ ግን ፋን መግዛት ከንቱ ነው፤ የሚያስፈልገው ስታቢላይዘር ነው። ሙቀት ከሆነ የሣጥኑን የጎን ክዳን ከፍቶ መለካት ነው፤ ሙቀቱ በብዙ ከወረደ የአየሩ መንገድ ታፍኗል፣ ካልወረደ ደግሞ በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ወይም ሂት ሲንኩ ላልቶ ሊሆን ይችላል። በበጋ የመንገዱ አቧራ፣ በቤት ውስጥ የከሰልና የዕጣኑ ጢስ በክንፎቹ መካከል ምንጣፍ ይሠራሉ። ይህ ገመዱ ተነቅሎ፣ የፋኑ ምላሶች በጣት ተይዘው በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። (ኮምፒውተሩን የምታለብሱት ዳንቴልም ቢያምርም፣ ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ይነሣ።)

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የማሽኑ መጥፋት አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ፔንቲየም 4 ወዲህ ፕሮሰሰሮች ሲግሉ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ ከባሰም ይጠፋሉ፤ ይህ ጥበቃ ነው። አደገኛው የማይጠፋውና በጸጥታ የሚሳሳተው ማሽን ነው። በጌም ውስጥ አንድ ቢት ቢዛባ አንዲት የምስል ነጥብ ትበላሻለች። በዚያው ማሽን ላይ ግን የታላቅ እኅት የመመረቂያ ጽሑፍ ሠንጠረዥ ይሰላ ይሆናል፤ የተዛባው ቁጥርም ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ማንም አያውቅም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን የሚፈልገው የጂምፕስ ፕሮጀክት ፕሮግራም፣ ፕራይም95፣ ውጤቱን ከታወቀ መልስ ጋር ስለሚያስተያይ ለዚህ ፍተሻ በሰፊው ይሠራበታል። ሌሊቱን ሙሉ ያለ አንድ ስሕተት ያላለፈ ፍጥነት፣ በእኛ አስተያየት፣ የተገኘ ፍጥነት አይባልም። ቤተሰብ ወይም ክፍል በጋራ በሚጠቀምበት ማሽን ላይ ደግሞ ኦቨርክሎክን ጨርሶ አንደግፍም።

በግል ማሽኑ የሚሞክር ግን ይሞክር፤ ጥሩ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የፕሮሰሰሩን በፕሮግራም፣ ሥራ ፈትቶ ሳለና ከሃያ ደቂቃ ጭነት በኋላ ይመዝግብ። ከዚያም የክፍሉን ከፕሮሰሰሩ ይቀንስ፤ የመጋቢት ቀትርንና የሐምሌ ምሽትን፣ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ማሽን ለማወዳደር የሚያስችለው ይህ ልዩነት ነው።