ሪከርድ የሰበረው ጫማ ለእናንተ እግር አልተሠራም

ቴሌግራም ላይ የጫማ ሻጮችን ቻናል የምትከታተሉ ከሆነ ይሄን ፖስት ሳታዩት አልቀራችሁም። ሶሉ እንደ ዳቦ የተነፋ፣ ተረከዙ ወደ ኋላ የሾለ የሩጫ ጫማ። ከሥሩ «ሪከርድ የተሰበረበት፣ ከ39 እስከ 44 ቁጥር አለን፣ በኢንቦክስ ያናግሩን» ይላል። ዋጋው አይጻፍም። ሲጠይቁት ነው የሚያስደነግጠው።

እኔ የምለው፣ ይሄን ጫማ አብዛኞቻችን መግዛት የለብንም። ውድ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ለአረጋገጣችን ስላልተሠራ ጭምር ነው።

ወሬው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትዕግስት አሰፋ በርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የወቅቱን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ከድሉ በኋላ ያንን ቀላል የአዲዳስ ጫማ ወደ ላይ አንስታ አሳየችው። አንዱ እግር 138 ግራም ይመዝናል፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፣ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው 521 ጥንድ ብቻ ነው። አምራቹ ራሱ የተሠራው ለአንድ ማራቶን ያህል ነው ብሏል። ስሌቱን ልሥራላችሁ፦ 500 ዶላር ለ42 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር ወደ 12 ዶላር ይመጣል። ለእሷ ያዋጣል፣ ሥራዋ ነው። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰውስ?

«ብር ካለኝ ምን አገባህ?» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ብሩን እንተወውና ወደ እግር እንሂድ።

እነዚህ ጫማዎች ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ በጣም ቀላልና ተስፈንጣሪ ስፖንጅ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ካርቦን ፕሌት የሚሉት ጠጣር ንጣፍ። ናይኪ በ2017 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያለውን ጫማ ሲያወጣ ሯጩ የሚያወጣውን ኃይል በአማካይ በ4 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ነበር፣ ጥናቱም አሳይቷል። ግን የተለካው በፈጣን ሯጮች ላይ ነው። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር በሚሮጡ ሰዎች ላይ ሲለኩት ጥቅሙ በአማካይ ከ1 በመቶ በታች ሆነ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ማለት ታላቁ ሩጫን በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ሰው ፍጥነት ነው። ማለትም የብዙዎቻችን፤ እንዲያውም ብዙዎቻችን እየጨፈርን ስለምንሮጥ አንደርስበትም።

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት የኬንያ ታላላቅ ሯጮችን በእነዚህ ጫማዎች አስሩጦ ነበር። ከተራው የውድድር ጫማ ጋር ሲነጻጸር አንዱ ከ11 በመቶ በላይ ሲጠቀም ሌላው ከ11 በመቶ በላይ ተጎዳ። ሁሉም ምርጥ ሯጮች ናቸው፣ ውጤቱ ግን ከሰው ሰው ተለያየ። «አማካይ» የሚባለው ነገር ኪሳችንን የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? ድሮ የሚባለው «የእግርህን ቅርጽ አይተህ ግዛ» ነበር፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ይሄን፣ ጎድጓዳ ከሆነ ያንን። የአሜሪካ ጦር በምልምል ወታደሮቹ ላይ ሞክሮት በውስጥ እግር ቅርጽ ተመርጦ የተሰጠው ጫማ ጉዳትን ይህን ያህል እንደማይቀንስ አየ። ካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቤኖ ኒግ የተባሉ ተመራማሪ በበኩላቸው ቀለል ያለ መለኪያ አቀረቡ፦ ምቾት። እግራችሁ የተመቸውን ያውቃል ነው ነገሩ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውም የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው ይባላል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸንፏል።

ምቾትን በፎቶ ማወቅ አይቻልም፣ የቴሌግራም ግዢ ትልቁ ችግሩ ይሄ ነው። ጫማ ወደ ማታ ግዙ፣ ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር ያብጣል። የምትሮጡበትን ካልሲ አድርጉ። ሁለቱንም እግር ሞክሩ፣ አንዱ ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ቦታ ይቅር። ከዚያ ሱቁ በር ላይ ትንሽ ሩጡበት፤ ባለሱቁ ይስቅባችሁ።

የምትሮጡበት መሬትም ወሳኝ ነው። ያ ወፍራም ሶል የተሠራው ለለሰለሰ አስፋልት ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ የዛፍ ሥር ላይ ወይም በየሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚት ሊያጥፍ ይችላል። ሰልባጅ ለምትገዙ ደግሞ ሶሉን ገልብጡት። በአንድ ጎን ብቻ የተበላ ከሆነ የሌላ ሰው አረጋገጥ ነው የምትወርሱት።

ለመወዳደር የምታስቡ ልጆችማ ከሻጩ ወሬ በፊት ደንቡን እዩ። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር የፈቀደው የሶል ውፍረት እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ደራራ ሁሪሳ ቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ነበር። የሶሉ ውፍረት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰረዘ፣ ድሉም ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። ያኔ የጎደለው ጉልበት ወይም ልምምድ አልነበረም፤ የበለጠው አንድ ሳንቲ ሜትር ሶል ነው። ስለዚህ በኢንቦክስ ስታናግሩ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ሶሉ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? አድርጌው መሞከር እችላለሁ?» በሏቸው።