«ቤት ለእንቦሳ» እስኪባል፦ በደመወዝ የሚገነባ የከተማ ቤት

አዲስ ቤት የገቡ ባልና ሚስት ወዳጅ ዘመድ «ቤት ለእንቦሳ» ሲላቸው «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሳሉ። ይህን ምርቃት ለመስማት ግን በከተማ የሚኖሩና በደመወዝ የሚተዳደሩ ጥንዶች የሚከፍሉት ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቷል።

በአዲስ አበባ በአያት፣ በሰሚትና በለቡ አካባቢዎች ለሚያልፍ ሰው ያላለቀ ቤት እንግዳ አይደለም። ቤተሰቡ ምድር ቤቱን አልብሶ ገብቶበታል፤ ከላይ ግን ለቀጣዩ ፎቅ የተተዉ ፌሮ ብረቶች ወደ ሰማይ ቆመዋል። በግቢው ጥግ የአሸዋ ክምር ላይ ሣር በቅሏል። ይህ ገጽታ የባለቤቶቹ ስንፍና ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ይልቁንም ገቢያቸው የተወሰነ ዜጎች ዘመናዊ ቤት በራሳቸው አቅም ለመሥራት የሚከተሉት መንገድ ውጤት ነው።

ለጉዳዩ ታሪካዊ መነሻ አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ መወሰኑ ይታወሳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በ1986 ዓ.ም. የተጀመረው የሊዝ ሥርዓት በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተሻሽሏል። በ2004ቱ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የተወሰነው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ተደርጓል። በመሆኑም ጥንዶች የራሳቸው የሚያደርጉት ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ይህም ይዞታውን የሚያረጋግጠውን ካርታ ከግድግዳው እኩል ዋጋ ያለው ሰነድ ያደርገዋል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታና በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ምዝገባ ለብዙ ቤተሰቦች ሌላ አማራጭ ከፍቷል። ሆኖም ዕጣ መጠበቅ ያልፈለጉ፣ በማኅበር ተደራጅተው ወይም በሌላ ሕጋዊ መንገድ ቦታ ያገኙ ዜጎች በራሳቸው መገንባትን መርጠዋል።

የእነዚህን ወገኖች ሁኔታ ለመረዳት ሁለቱም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ባልና ሚስትን ማሰብ ይቻላል። የአንደኛው ደመወዝ ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛና ለልጆች ትምህርት ይውላል፤ የሌላኛው ወደ ዕቁብ ይገባል። ዕቁብ ሲወጣ ፌሮ ይገዛል፤ ተከታዩ ዕጣ እስኪደርስ ሥራው ይቆማል። ቅዳሜና እሑድ የዕረፍት ቀናት መሆናቸው ቀርቶ ከግንበኛና ከአናጺ ጋር ሒሳብ የሚተሳሰቡባቸው ቀናት ይሆናሉ።

የወጪው መጠን በአንድ ሥራ ብቻ ሊታይ ይችላል። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ 15 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶ ቢገባ፣ ለሶሌታው ብቻ 54 ኩንታል ሲሚንቶ ያስፈልጋል ማለት ነው። ፌሮው፣ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ የሻተሪንግ እንጨቱና የሠራተኛው ክፍያ ከዚህ ውጭ ናቸው። ሶሌታ ደግሞ እንደ ግድግዳ በየወሩ ጥቂት በጥቂት የሚሠራ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ መሞላት አለበት። በመሆኑም የብዙ ቤተሰቦች ግንባታ ከሶሌታ በታች ለዓመታት መቆሙ አያስገርምም።

ሥራው በቆመ ጊዜ ዋጋው አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ዕቃዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የማጠናቀቂያው ሥራ ለምንዛሪ ለውጥ የተጋለጠ ነው። በአንጻሩ ሲሚንቶ በአገር ውስጥ የሚመረት ሲሆን፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ መመረቁ አቅርቦቱን የሚያሰፋ እርምጃ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅም የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ በመደንገጉ፣ እየተከራዩ ለሚገነቡ ጥንዶች ወጪያቸውን አስቀድመው ለማቀድ ያግዛቸዋል።

የመቆራረጡ ጉዳት በገንዘብ ብቻ አይለካም። እርጥበት ባለበት ስፍራ ለወራት የተከማቸ ሲሚንቶ ጥንካሬው ይቀንሳል። ለክረምት ዝናብ ተጋልጦ የከረመ ፌሮ ይዝጋል። አዲስ የተሞላ አርማታ ቢያንስ ለሰባት ቀናት ውኃ ሊጠጣ ሲገባው፣ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው መንደሮች ይህ ብዙ ጊዜ ይጓደላል። ስንጥቁ የሚታየው ግን ቤተሰቡ ከገባ በኋላ ነው።

የአገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ሚና ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ሕንጻዎችን በምድብ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ከፍሎ፣ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያን በምድብ «ሀ»፣ የሕዝብ መገልገያዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ደግሞ በምድብ «ሐ» መመደቡ፣ አነስተኛ ቤት የሚሠራ ዜጋ እንደ ትልቅ ሕንጻ ባለቤት እንዳይጉላላ የታሰበ አካሄድ ነበር። ይሁን እንጂ የአሠራሩ ዓላማ የሚሳካው በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ባለሙያ ሲፈጽመው ነው። አንድ ፋይል «ነገ ተመለሱ» በመባል አንድ ወር ቢዘገይ፣ ለባለሙያው የወረቀት መዘግየት ነው፤ ለጥንዶቹ ግን የሲሚንቶ ዋጋ ልዩነት፣ ተጨማሪ የወር ኪራይና ምናልባትም የሚያመልጥ በጋ ነው። ቁጥጥሩም ቢሆን መሠረት በሚወጣበትና ፌሮ በሚታሰርበት ጊዜ ካልተደረገ፣ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ከማፍረስ በቀር የሚያቃናው ነገር አይኖርም።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ወቅት የተገኘ ንብረት፣ በአንደኛው ስም የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣነት ለመስጠት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። በተግባር ግን ቦታው ከጋብቻ በፊት በአንደኛው ስም ተገኝቶ፣ ቤቱ በሁለቱ ደመወዝና ዕቁብ የሚገነባበት አጋጣሚ አለ። ደረሰኙ በባል፣ ካርታው በሚስት ስም፣ ወይም በተገላቢጦሹ ይሆንና አለመግባባት ሲመጣ እያንዳንዱ ብሎኬት ማስረጃ ይፈለግለታል። ጥንዶች ገና መሠረት ሳይጣል ሰነዳቸውን ቢያስተካክሉ፣ የይዞታ ባለሙያዎችም የትዳር ሁኔታን ቢጠይቁና ቢያስረዱ ከረጅም ክርክር ይድናሉ።

ዘመናዊ ቤት የሚለው ስያሜም ትርጉሙ ሊጤን ይገባል። ዘመናዊነት የፊት ለፊት መስተዋት ብቻ አይደለም። እስከ 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ራሱን የቻለ መስመር ካልተዘረጋለት ገመዱ ይግላል፤ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው በትክክል ካልተሠራ የጎረቤት ግቢ ይበከላል፤ ውኃ በማይመጣበት ቀን የሚያገለግል ታንከር ካልታሰበ የቤት ውስጥ መታጠቢያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎች ለሴራሚኩ የመደቡትን ገንዘብ ከእነዚህ ቀንሰው ማግኘታቸው ኋላ የሚቆጭ ቁጠባ ነው።

በአጠቃላይ፣ በደመወዝ ቤት የሚገነቡ ጥንዶች ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ ሳይጠይቁ የከተማውን የቤት እጥረት የሚያቃልሉ አጋሮች ናቸው። ከአስፈጻሚው የሚፈልጉት ቀኑ የታወቀ ውሳኔ፣ በጊዜው የሚደርስ ቁጥጥርና ግልጽ ሰነድ ነው። ፋይሉን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛም ነገ በሌላ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የሚቆም ባለጉዳይ መሆኑን ማሰብ ይጠበቅበታል። ጥንዶቹም በበኩላቸው አቅማቸውን ያገናዘበ ፕላን ይዘው፣ አንዱን ክፍል በወጉ ጨርሰው ወደ ሌላው ቢሻገሩ፣ «ቤት ለእንቦሳ» የሚባሉበት ቀን ይቀርባል።