ጠገራ ብር በሚዛን ብቻ አይገመትም

«ጠገራ ያው ብር ነው፤ ዋጋውም ሚዛኑ ነው» የሚለውን ቃል በሰበታም፥ በቡራዩም፥ በሱሉልታም ሰምተነዋል። ይህን የሚናገሩት ብር ገዥዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ባልደነቀን ነበር፤ ነጋዴ ለትርፉ ይናገራልና። የሚያሳዝነው ግን መምህሩና የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ጭምር ይህንኑ አምነው ከአያታቸው ሣጥን የወጣውን ጠገራ ለአንጥረኛ ማስረከባቸው ነው። እኛ ይህን አሳብ እንቃወማለን።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ትናንት የገበሬ አገር ነበሩ። የጅማው መንገድ በሰበታ፥ የአምቦው በቡራዩ፥ የጎጃሙ በሱሉልታ ያልፋልና ጠገራው ከነጋዴው ጋር ሲገባባቸው ኖሯል። አሁን መሬቱ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ሲሰጥ አሮጌው ቤት ይፈርሳል፤ ሣጥኑም ይከፈታል። ካሳ ገማቹ ባሕር ዛፉን ቈጥሮ ይጽፋል፤ ስለ ሣጥኑ አይጠይቅም፥ ሥራውም አይደለም። የሚጠይቀው በማግሥቱ ሚዛን ይዞ የሚመጣው ገዥ ነው።

በሱሉልታ የምናውቃቸው አንዲት እናት ስድስት ጠገራ ነበራቸው። አምስቱን ሸጡ፤ ከአምስቱም አንዱ የምኒልክ ነበር። ሁሉም በአንድነት ተመዘኑ፥ በአንድ ዋጋም ሄዱ። እኛ ሰምተን አንጥረኛው ዘንድ ስንደርስ ብሩ ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆኖ ቈየን።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው? የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የምኒልኩም በክብደት ከዚህ አይርቅም፤ ንጥረቱ 835 ነው። ስለዚህ ሚዛን ሁለቱን አይለይም። ዓይን ግን ይለያል። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ መመታት የጀመረው የምኒልክ ብር ዘመኑን በግዕዝ ቍጥር ይናገራል፤ አንበሳውም በአንዳንዱ ላይ የግራ፥ በአንዳንዱ ላይ የቀኝ እግሩን አንሥቷል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ይህን ነው።

የማርያ ቴሬዛውም ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሯም ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ በቪየና፥ በለንደን፥ በቦምቤይ ሲመታ ኖረ። ሙሶሊኒም እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮም አስመታው። እንግዲህ አንዱ 1780 ከቡና ንግድ ጋር፥ ሌላው 1780 ከወራሪ ጦር ጋር ገብቷል ማለት ነው። ይህን የአገር ታሪክ በአንድ ወናፍ ማቅለጥ ዕውቀት ይባላልን? አባቶቻችን እንኳ በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ሳይቈጥሩ ጠገራ አይቀበሉም ነበር።

ሐሰተኛውን ለመለየትም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ብር በማግኔት አይሳብም። በዙሪያው ጠርዝ ላይ የጐሉት የላቲን ፊደላት ከደበዘዙ ወይም የቅርጽ ስፌት ከታየባቸው በጭቃ ቅርጽ የፈሰሰ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ክብደቱ ልክ ሆኖ ውፍረቱ ከበዛ ደግሞ ውስጡ ከብር የቀለለ ማዕድን ነው።

ከማቅለጥ ቀጥሎ የምንጠላው ማጠብን ነው። በአመድና በሎሚ ሲፈትጉት ጥቍረቱ ብቻ አይለቅም፤ የፊቱም ጥርት ያለ መልክ አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው፥ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ዛሬ በዓለም ገበያ የሳንቲምን ደረጃ ይወስናል፤ የተፈተገ ግን እንደ ጕዳተኛ ይቈጠራል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው ለዚህ ይመስለናል።

«ድኻ ምን ይብላ?» የሚሉን አሉ። መሸጥን አልከለከልንም፤ የምንጠይቀው ሻጩ ምን እንደሚሸጥ እንዲያውቅ ነው። አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ነገር ግን የቀለጠ ብር የጉምሩክን በር አያንኳኳም። በየከተማው የባህል ጽሕፈት ቤት ጠገራ የሚለይ አንድ ሰው፥ አንድ ሚዛንና አንድ አጉሊ መነጽር ቢኖር ምን ይከብዳል? ለስብሰባ ከሚወጣው የውኃና የቡና ወጪ አይበልጥም።

ስድስተኛዋ ጠገራ አሁንም በሱሉልታ አለች። ልጃቸው አመድና ሎሚ አዘጋጅቶ ሊፈትጋት ሲል ደረስንና ከነጥቍረቷ በጨርቅ ተጠቅልላ ወደ ሣጥኑ ተመለሰች።